ማንንም ያላኮረፈችው ልጅ

ሥራዬ ማባበል ነበር። በምኖርባት ከተማ፣ ስሟን ባልጠራው ይሻላል፣ የሚያኮርፉ ልጃገረዶችን ቤት ለቤት እየዞረ የሚያባብል ሰው ይቀጠራል፤ ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ያ ሰው እኔ ነበርኩ። የሥራ መደቡ መጠሪያ «አባባይ» ነው። ልጆቹ የመጨረሻዋን ፊደል ቆርጠው «አባባ» ይሉኛል። አዋቂዎቹ ደግሞ፣ በተለይ ጠጅ ቤት ሲያገኙኝ፣ አንዷን «ባ» ዘለው ይጠሩኝና ይሳሳቃሉ። አባይ በእኛም አገር ውሸታም ማለት ነው። አብሬያቸው እስቅ ነበር፤ ስሙ እንደማይመለከተኝ እርግጠኛ ነበርኩ።

ሕጉ እንዲህ ይላል። ከአሥራ ሁለት እስከ አሥራ ስምንት ዓመት ያለች ልጅ ሦስት ቀን ከገበታ ከሸሸች፣ ወይም ካልሳቀች፣ ወይም ሲጠሯት «እ?» ብላ ብቻ ዝም ካለች፣ ቤተሰቧ ለኩርፊያ ጽሕፈት ቤት ያስመዘግባታል። ልጅቷ የከፋት ልትሆን ትችላለች፤ የፈራች፣ የጨነቃት፣ እንቅልፍ ያጣችም ልትሆን ትችላለች። መዝገቡ ላይ ያለው ቃል ግን ኩርፊያ ብቻ ነው። አንድ ጸሐፊ «ለሚከፋቸው የሚሆን ሌላ መዝገብ ቢከፈትስ?» ብሎ ጠይቆ ነበር፤ አሁን የሚሠራው የጽሕፈት ቤቱን አጥር መጠበቅ ነው። ወንዶች ልጆች አይመዘገቡም። የወንድ ልጅ ኩርፊያ ስሙ ቁጣ ነው፤ ቁጣ ደግሞ የሌላ ቢሮ ሥራ ነው።

መዝገቡ አምስት ዓምድ አለው። የመጀመሪያው ስም፣ ሁለተኛው ያኮረፈችበት ቀን ነው። ዋናው ሦስተኛው ነው፤ «ያኮረፈችው ማንን ነው?» ይላል። ሰው የሚያኮርፈው ሰውን ነውና ስሙ ከታወቀ የቀረው ቀላል ነው። ያስኮረፋት ሰው ከጽሕፈት ቤቱ መጋዘን ድንጋይ ይሰጠዋል፤ ለስድብ ቀለል ያለ፣ ለጥፊ ከበድ ያለ። እሱን ማጅራቱ ላይ ተሸክሞ ልጅቷ ፊት ያጎነብስና «ይቅር በይኝ» ይላል። «ይቅር ብያለሁ» እስክትለው ድረስ ማውረድ አይችልም፤ ሌላ ሰው ሊያወርድለትም ሆነ ሊያግዘው ክልክል ነው። ስትል ያወርዳል፣ አራተኛው ዓምድ ላይ እርቁ የወረደበት ቀን ይጻፋል፣ መዝገቡ ይዘጋል። አምስተኛው ዓምድ «ልዩ ልዩ» ይባላል። የሚያነበው ሰው የለም፤ እኔ ግን ጠንቃቃ ሠራተኛ ስለነበርኩ ሳልሞላው አልፌ አላውቅም።

እውነቱን ለመናገር ሥራዬን እወደው ነበር። ሴት ልጁን ከጎረቤት ልጅ ጋር እያወዳደረ ያስኮረፈ አንድ ነጋዴ ትዝ ይለኛል። ድንጋዩን ተሸክሞ ሲያጎነብስ ቆቡ ወደቀና ልጅቷ እግር ሥር ተንከባለለ። ሳቀች። እሱም ሳቀ። እንደዚያ ባለ ቀን ወደ ቤቴ የምሄደው እያፏጨሁ ነበር።

አንድ የማይጣስ ደንብ አለ፤ አባባይ አይቀመጥም። ከእኔ በፊት በቦታው የነበሩት እማማ ጥሩነሽ የሚባሉ ሴት ናቸው። አንድ ቀን አንዲት አኩራፊ ቤት ገቡና ከልጅቷ ጎን ቁጭ አሉ፤ ጠዋት የገቡ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ወጡ። ልጅቷ በማግስቱ ዕቃ እያጠበች ስታንጎራጉር ጎረቤት ሰምቷል። መዝገቡ ግን ባዶውን ተመለሰ፣ ሦስተኛው ዓምድ ላይ ስም የለም። እማማ ጥሩነሽ ተሰናበቱ፣ ደንቡም ወጣ። የኩርፊያ ሹማችን እንደሚሉት ሰው ከተቀመጠ ወሬ ይጀምራል፤ ወሬ ከተጀመረ ደግሞ ሥራ አይሠራም።

ምንታምር አሥራ አራት ዓመቷ ነበር። እናቷ የሻረግ ልብስ ሰፊ ናት፤ የስፌት መኪናዋ በረንዳው ላይ ሲንቀጠቀጥ ነው የሚውለው። አባቷ ደምለው የትምህርት ቤቱን ደወል ይደውላል። ልጅቷን ከሕፃንነቷ ጀምሮ አውቃታለሁ፤ ስትስቅ አፏን በሁለት እጇ የምትሸፍን፣ በመንገድ ሳልፍ «አባባ፣ ዛሬ ማን አኩርፏል?» እያለች የምትተርበኝ ልጅ ነበረች። ከመስከረም ወዲህ መተረቡን ተወች። ጸጉሯን መሠራት ተወች። ጓደኛዋ ትርንጎ ከደጅ ስትጠራት በጓሮ በኩል ትደበቃለች፤ ሳህኗን እንደቀረበላት ትመልሰዋለች። «አኩርፋለች» አሉና አስመዘገቧት።

ጓሮ ስገባ ከውኃ በርሜሉ አጠገብ በርጩማ ላይ ተቀምጣ አገኘኋት። ከጎኗ ሌላ በርጩማ አለ፤ ባዶ ነው።

«እንደምን ዋልሽ ምንታምር?»

«ደህና። ይቀመጡ አባባ።»

«አባባይ አይቀመጥም፣ ታውቂው የለ? በይ ንገሪኝ፣ ማንን አኩርፈሽ ነው?»

«ማንንም።»

«እናትሽን ነው?»

«አይ።»

«አባትሽን? መምህሩን? ወይስ ያቺን ትርንጎን?»

«ማንንም አላኮረፍኩም እኮ። እንዲያው…» አለችና ቆመች። እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ የጠፋ ዕቃ የምትፈልግ መሰለች። ትንሽ ፈለገችና ተወችው። «እንዲያው ትንሽ ቢቀመጡ።»

ሰዓቴን አየሁ። ሌላ ሁለት ቤት ይቀረኝ ነበር። ሦስተኛው ዓምድ ላይ «ማንንም» ብዬ ጻፍኩ። ደንብ ማክበሬ እንዲታወቅልኝ አምስተኛው ላይ ደግሞ «ይቀመጡ አለች፤ አልተቀመጥኩም» ብዬ ጨመርኩና ወጣሁ።

ሹሙ መዝገቡን ሲያዩ መነጽራቸውን አወለቁ።

«ማንንም ማነው?»

«እሷ ናት ያለችው ጌታዬ።»

«የማን ልጅ ነው? የት ሰፈር ነው የሚኖረው?»

«ሰው አይደለም ጌታዬ። አላኮረፍኩም ማለቷ ነው።»

«ካላኮረፈች ለምን ተመዘገበች?»

«ሦስት ሳምንት በቅጡ አልበላችም።»

«እንግዲያው አኩርፋለች። ካኮረፈች ደግሞ ያስኮረፋት አለ።»

እንዲህ ሲሉት ልክ ይመስላል። በማግስቱ ገበያ መሀል አዋጅ ተነገረ፤ «ማንንም የተባልህ ወይም የተባልሽ ሰው፣ በሦስት ቀን ውስጥ ኩርፊያ ጽሕፈት ቤት ቅረቡ» ተባለ። ማናዬ የሚባሉ የሩቅ ሰፈር ሽማግሌ «ምናልባት እኔን ይሆን» ብለው መጡ፤ ፊደሉ ተመርምሮ ተመለሱ። ከእሳቸው በቀር ማንም አልቀረበም።

ያን ጊዜ ሹሙ አዲስ ሐሳብ አመጡ። ያስኮረፋት አንዱ ሰው ካልተገኘ የሚያውቃት ሁሉ ተራ በተራ ይቅርታ ይጠይቃት፤ ከመካከላቸው አንዱ እሱ መሆኑ አይቀርም አሉ። ሰልፉ ከየሻረግ በር ተነሥቶ ገበያው ድረስ ተዘረጋ። ድንጋዮቹ ስላልበቁ ከፊት ያለው ሲያወርድ ከኋላ ያለው ይቀበለው ነበር።

እናቷ መኪናዋን አቁማ ቀድማ መጣች። «ወገብሽ ይታይ ብዬ የበዓል ቀሚስሽን አጥብቤ ሰፋሁብሽ፤ ይቅር በይኝ» አለች። ደምለው «እንግዳ ፊት ወፍራሟ ብዬ ጠራሁሽ» አለ። መምህሩ «ጥያቄ ስትጠይቂ ክፍሉ ሲስቅ እኔም ሳቅሁ» አሉ። ትርንጎ ድንጋዩ ከብዷት እየተንገዳገደች «የነገርሽኝን ለነዚያ ልጆች ነገርኩብሽ፤ እነሱ ናቸው ግድግዳ ላይ የጻፉት» አለች። ስለ እነዚህ ነገሮች አንድ በአንድ ጠጋ ብሎ የሚጠይቃት ሰው ቢኖር ብዬ ያሰብኩት አሁን ነው፤ ያን ቀን ያሰብኩት ሰልፉ እንዳይደፈርስ ነው። የማያውቋትም ተሰለፉ። አንድ ዳቦ ጋጋሪ «ያረረ ዳቦ ሸጬልሽ ሊሆን ይችላል» ብሎ አጎነበሰ።

ለሁሉም «ይቅር ብያለሁ» ትላለች። አራት ቀን ፈጀ። በሁለተኛው ቀን ድምፅዋ ተዘጋና በከንፈሯ ብቻ ማለት ጀመረች፤ የጽሕፈት ቤቱ ጸሐፊ ፊት ለፊቷ ቆሞ ከንፈሯን እያየ ይመዘግባል። ሰዎቹ ድንጋዩን አስረክበው ሲሄዱ ፊታቸው ፈክቶ ነበር። አንዳንዶቹ ለዓመታት የያዙትን ነገር ሁሉ አብረው ነግረዋት ሄዱ፤ ማን ማንን እንደሸነገለ፣ ማን ሚስቱን እንደማይወድ። ከተማው እንደዚያ ሰሞን ተደስቶ አያውቅም። ሁሉም ቀሎታል።

በአምስተኛው ቀን መዝገቡን ልዘጋ ሄድኩ። እዚያችው በርጩማ ላይ ነበረች። ከስታ ነበር፤ ዓይኗ ሥር ጠቁሯል።

«ይቀመጡ» አለች በተዘጋው ድምፅዋ።

«እሺ፣ ልቀመጥስ ብል ደንቡ የት ይሄዳል? ይልቅ ቀለለሽ?»

«አባባ፣ አገሩ ሁሉ ይቅርታ ጠየቀኝ አይደል?»

«አንድ ሰው አልቀረም።»

«እኔ ግን ያው ነኝ። ጠዋት ስነሣ እዚህ ጋ ያለው አይነሣልኝም።» ደረቷን ነካች። «እንግዲህ ይቅርታ ያልጠየቅሁት እኔ ብቻ ነኛ?» አለች።

ሃያ ሁለት ዓመት የሠራሁ ሰው ነኝ። «እንጃ ልጄ» አልኳት፤ እርሳሴ ግን ሦስተኛው ዓምድ ላይ ደርሶ ይጠብቅ ነበር። አየችው።

«ራሴን ብለው ይጻፉ» አለች።

ጻፍኩ። አምስተኛውንም እንደ ልማዴ ሞላሁ።

ጽሕፈት ቤቱ ውስጥ እንዴት ያለ ደስታ ሆነ። ሹሙ ከወንበራቸው ተነሥተው እጄን ጨበጡኝ። ተበዳይም በዳይም ተገኙ፣ ያውም በአንድ አድራሻ። የቀረው ድንጋዩን መምረጥ ነበር። ከተማውን በሙሉ አራት ቀን ያሰለፈች በዳይ ስለሆነች ከባዱ ይገባታል ተባለ። ድንጋዩን ቤቷ ድረስ አስመጥተው ማጅራቷ ላይ አደረጉላት፣ በዳይ ተበዳይ ፊት ይቆም ዘንድም የሻረግ ደንበኞቿ ልብስ የሚለኩበትን ረጅም መስታወት አወጣች። ምንታምር አጎነበሰች። «ይቅር በይኝ» አለች። መስታወቱ ውስጥ ያለችውም አጎንብሳ ያንኑ አለች። ሹሙና እኔ ይቅር ብያለሁ የሚል ቃል ጠበቅን፤ ሁለቱም ለማኝ ሆኑ እንጂ ይቅር የሚል አልተገኘም። እስከ ቀትር ቆመን የሻረግን «ከተባባሉ በኋላ ታስታውቂናለሽ» ብለናት ተበተንን።

አልተባባሉም። ድንጋዩን ተሸክማ መብላት፣ ድንጋዩን ተሸክማ ትምህርት ቤት መሄድ ጀመረች። በመጀመሪያው ሳምንት ሰው እየቆመ ያያት ነበር፤ በሁለተኛው ተለመደች። በሦስተኛው ሳምንት ትርንጎ ተመዘገበች። ማንን ብዬ ስጠይቃት እንኳ አላስጨረሰችኝም፤ «ራሴን» አለች፣ ጥያቄው ቶሎ እንደሚያልቅ ሰምታለች። ከእሷ በኋላ የመጡት ልጆች ሁሉ ራሴን አሉ። አንዷ ፊቷ ላይ በወጣባት ብጉር፣ አንዷ ጓደኞቿ ሳይጠሯት በቀሩት ጨዋታ፣ አንዷም ምክንያቱን ሳታውቀው። ሦስተኛው ዓምድ ባዶ ሆኖ የሚያድር መዝገብ ጠፋ። ከሌላ ከተማ የመጡ ሹማምንት አሠራራችንን ጎብኝተው አመሰገኑን።

ከተማው ደግ ስለሆነ ዝም ብሎ አላየም። ድንጋይ ጠራቢዎቹ ጠርዙ የማይቆርጥ፣ ለሴት ልጅ አንገት የሚስማማ ድንጋይ ማውጣት ጀመሩ። የሻረግ ደግሞ ከድንጋዩ ሥር የሚገባ ጥጥ የተሞላ ትራስ ሰፋች፤ ዳር ዳሩን በቀይ ክር ጠለፈችው። ያማረ ነበር። ሌሎች እናቶችም አይተው አዘዟት። ከዚያ ወዲህ መኪናዋ ቆሞ አያውቅም።

ምንታምርን ለመጨረሻ ጊዜ ያነጋገርኳት ሰኔ መጀመሪያ ላይ ነው። ዝናቡ ገብቷል፣ እኔ በዚያ ቀን ሰባት ቤት ይጠብቀኛል። በርጩማዋ ላይ አቀርቅራ ነበር፤ ቀና ስትል ማየት የቻለችው እስከ ጉልበቴ ብቻ ነው።

«ጫማዎን አውቄዋለሁ» አለች፣ እንደ ድሮዋ ልትተርበኝ ስትሞክር። «አባባ፣ ዛሬ እንኳ ይቀመጡ።»

«ነገ» አልኳት። «ነገ ሥራ ሲቀለኝ እመጣለሁ።»

«እሺ» አለች።

አልመጣሁም። ሥራ አልቀለለኝም።

ትምህርት ቤቱ ከወንዙ ማዶ ነው፤ መሻገሪያው ጎን ለጎን የተጋደሙ ሁለት ግንዶች ናቸው። ሐሙስ ጠዋት ልጆቹ ተከታትለው ሲሻገሩ ምንታምር ከሁሉም ኋላ ነበረች። አዳለጣት የሚሉ አሉ፤ አላዳለጣትም የሚሉም አሉ። እኔ አላየሁም፣ ያላየሁትን አልጽፍም። ትርንጎ ማዶ ደርሳ ዞራ ስታይ ግንዱ ላይ ማንም አልነበረም። ደምለው ደወሉን ደውሎ ጨርሶ ገመዱን እያሰረ ሳለ ጩኸት ሰማ። ቀትር ላይ አገኟት።

ወሬው ሲደርሰኝ አንዲት ልጅ በር ላይ ቆሜ «ማንን» እያልኩ ነበር። ቃሉን ሳልጨርሰው ቀረሁ። ያዘንኩትን ያህል ማዘን አይገባኝም ይሆናል፤ ግን አዝኛለሁ፣ እስካሁንም አልወጣልኝም።

ሹሙ በዚያው ቀን መዝገቡን አስመጡ። ሳይዘጋ እንዳይቆይ አራተኛው ዓምድ ላይ «በዳይና ተበዳይ ባለመቅረባቸው ተዘግቷል» ብዬ እንድጽፍ አዘዙኝ። በገዛ እጄ ጻፍኩት። ድንጋዩ ታጥቦ ወደ መጋዘን ተመለሰ።

በእኛ አገር ሰው ሲሞት ለቅሶ ይቀመጣሉ። ደጃቸው ላይ ድንኳን ተተከለ፣ ከዕድሩ አግዳሚ ወንበሮች መጡ። ያ ይቅርታ ለመጠየቅ የተሰለፈ ሰው ሁሉ መጥቶ ተቀመጠ። ዳቦ ጋጋሪው ተቀመጠ፣ መምህሩ ተቀመጡ፣ ሹሙ ራሳቸው ከጠዋት ጀምሮ ተቀምጠው ነበር። እኔም መዝገቤን በብብቴ እንደያዝኩ አግዳሚው ጫፍ ላይ ቦታ አገኘሁና ተቀመጥኩ። በሥራ ዘመኔ በዚያ ቤት ስቀመጥ የመጀመሪያዬ ነው።

የሻረግ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ከፊት ለፊቴ ነበረች። ሲያለቅሱ የነበሩት ዝም ሲሉ ቀና ብላ አየችኝ።

«ከሷ ጋር ሲያወሩ የነበሩት እርስዎ ነዎት» አለች። «እኛንማ አታናግረንም ነበር። ምን አለችዎት? የጻፉትን ያንብቡልኝ፣ ድምፅዋን የሰማሁ ይመስለኛል።»

መዝገቡን ገለጥኩ። ማንም አንብቦት የማያውቀውን አምስተኛውን ዓምድ አነበብኩ።

«በመጀመሪያው ጉብኝት፤ ይቀመጡ አለች፤ አልተቀመጥኩም። በሁለተኛው ጉብኝት፤ ይቀመጡ አለች፤ አልተቀመጥኩም። በሦስተኛው ጉብኝት፤ ይቀመጡ አለች፤ አልተቀመጥኩም።»

«ሌላስ?»

«ሌላ የለም የሻረግ።»

ትጮህብኛለች ብዬ አንገቴን ደፋሁ። አልጮኸችም።

«እኔንም ትለኝ ነበር» አለች። «መኪናው አጠገብ መጥታ ትቆምና እማ፣ ትንሽ ተቀመጪ ትለኛለች። ይኸው ተቀምጬ አይደል የምሰፋው እላታለሁ።»

ደምለው ፊቱን በጋቢው ሸፈነ። «እኔንም» አለ ከውስጥ። ድንኳኑ ሙሉ ሰው ተቀምጦ ነበር።

ከድንኳኑ በር ላይ ትርንጎ ቆማለች። በቀይ ክር የተጠለፈው ትራስ ማጅራቷ ላይ ነው፣ ድንጋዩ ከላዩ። ከመጣች ጀምሮ እዚያው እንደቆመች ነው፤ ተሸካሚ አግዳሚ ላይ ቦታ ስለሚይዝ ሰው አልጠራትም። ተጠጋሁና ከጎኔ ቦታ ለቀቅሁላት። መጥታ ተቀመጠች። ማንን ብዬ አልጠየቅኳትም፤ ከእኔ የምትጠብቀው ያንን እንደነበር ግን ከዓይኗ አየሁ። ሰዎች አንድ በአንድ ተነሥተው እየሄዱ ነበር፣ ሹሙም ሄደዋል።

«አባባ» አለችኝ ብዙ ቆይታ፣ መሬት መሬት እያየች። «እስከ ስንት ሰዓት ይቀመጣሉ?»

መዝገቡን ዘጋሁና አግዳሚው ሥር አስቀመጥኩት።